የዛር ከበሮ በቀበሌው አዳራሽ

ባለፈው ሳምንት ለቡ መብራት ኃይል፣ የእህቴ ልጅ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴን እያሻሸሁ ወጥቼ ሶፋው ላይ ዘፍ እንዳልኩ፣ ልጇ መክሊት ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ዘፈን ለቀቀች። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። የዘንድሮ ዘፈን ሁሉ በኮምፒዩተር ስለሚሠራ ለኔ አንዱ ካንዱ አይለይም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ሥር አንድ ምት ብቅ አለ። ሁለት ከባድ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ አንድ ቀላል፤ ሰው ሊሄድ ተነስቶ ሐሳቡን ሲቀይር እንደሚያደርገው ዓይነት። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። መክሊት አየችኝና ሳቀች።

«እማማ ጽጌ፣ ወደድሽው እንዴ? የዛር ቢት ነው እኮ! ልጆቹ የድሮ ከበሮ ቀድተው ኤሌክትሮኒክ ጨመሩበት። አሁን ፓርቲ ላይ ሁሉ እሱ ነው። ሙድ አለው አይደል?»

«ዝቅ አድርጊው» አልኳት።

ቅር አላት። እኔም ደግ አላደረግኩም፤ ልጅቷ በምን ታውቃለች? ያን ምት ሲመታ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት፣ እዚያ ከእነሱ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ጎፋ ነው። ያኔ ለቡ የጤፍ ማሳ ነበር። ላፍቶ ያሉት ገበሬዎች ጠዋት ጠዋት ወተትና ጭድ በአህያ ጭነው በሰፈራችን በኩል ወደ ከተማ ይወጡ ነበር፤ እኛም በአህዮቹ ኮቴ ድምፅ ነበር የምንነቃው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ደርግ ነበር፤ ይበቃል። እኔ የማስታውሰው ስኳር በኩፖን እንደነበረና ለሳሙና ወረፋ ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ አስቀምጠን ቦታ እንደምንይዝ ነው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር። ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ ስሙኒዋን ለማትረፍ ከጎፋ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግሬ ሄጄ አውቃለሁ፤ ያውም በታኮ ጫማ። ጎፋ ማዞሪያው ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድ ጎኑ ተቀዶ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። አንድ ካሴት በመረጡት ዘፈን ለማስቀዳት አምስት ብር። ወንዶቹ ቤል ቦተም ሱሪያቸውን ልብስ ሰፊ ጋ እየወሰዱ ያስጠብቡት ጀምረው ነበር፤ ሰፊ ሱሪ የቡርዧ ነው ስለተባለ። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው አንድ ልብስ ነበረኝ፤ የቀበሌው ኪነት ቡድን የሰጠን ካኪ ኮትና ቀሚስ። ዛሬ ሲያስቡት ካኪ ምኑ ይወደዳል? ግን እኔ ማትሪክ ያላለፍኩ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አባት የለኝም፣ ሥራ የለኝም። ያን ካኪ ለብሼ መድረክ ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማኛል። በዚያ ላይ ወሬ ነበር፤ ከየቀበሌው የተሻሉት ተመርጠው ለአንድ ትልቅ የኪነት ቡድን ይወሰዳሉ፣ ደመወዝ አላቸው፣ ክፍለ ሀገር ይዞራሉ፣ አንዳንዱም ውጭ አገር ይሄዳል ይባል ነበር። የኔ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እናቴ በላይነሽ ወፍጮ ቤት የሰው በርበሬ እያዘጋጀች ነው ያሳደገችኝ። እናቴ ባለ ውቃቢ ነበረች። ይህን በአደባባይ ስናገር ዛሬም ድምፄ ዝቅ ይላል። ዓመት ጠብቆ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዛሩ ይነሳባታል። መጀመሪያ አንገቷ ይከብዳታል፤ ከዚያ እህል አልወርድ ይላታል፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ያኔ ወደ ላፍቶ በኩል፣ ወንዙ ዳር፣ ወደ እትዬ አስካለ ቤት እንወስዳታለን። እትዬ አስካለ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ናት፤ ላሞች ነበሯት፣ ወተት ትሸጥ ነበር። ከበሮ ይዛ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሴቶቹ ከበዋት ያጨበጭባሉ፣ እሷ ያን ምት ትጀምራለች፤ እናቴ መሐል ቁጭ ብላ መጀመሪያ አንገቷን፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ መላ አካሏን ታወዛውዛለች። ጉሪ ይሉታል። እትዬ አስካለ «ማነህ? ምን ትሻለህ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ከእናቴ አፍ የእናቴ ያልሆነ ድምፅ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ሽቶ፣ አንድ ጊዜ ቀይ ሻሽ፣ አንድ ጊዜ ምንም፣ ዝም ብሎ መከበር ብቻ። የጠየቀው ሲሰጠው ምቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እናቴ በላብ ተጠምቃ ትነቃለች፣ «ራበኝ» ትላለች። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ደህና። እኔ ልጅ ሆኜ እፈራ ነበር፤ ሳድግ ማፈር ጀመርኩ። በወጣት ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ጎጂ ባህል ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ የዛር ከበሮዎቹ ተለቀሙ። አብዮት ጠባቂዎች በጠራራ ፀሐይ መጥተው ከሰፈራችን ሦስት ከበሮ ወሰዱና ቀበሌው መጋዘን ከተቷቸው። እትዬ አስካለን ጣቷን አስፈረሟት፤ ሁለተኛ ሰው ሰብስባ ብትመታ ትታሰራለች። ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው እናቴ ከአልጋ አትነሳም ማለት ይቻላል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ቪታሚን ሰጧት። በርበሬውን እኔ መቀንጠስ ጀመርኩ። እሷ ግድግዳውን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ፣ ሁለታችንም ስለ ከበሮው አናነሳም።

እዚህ ላይ ነው ጓድ ደምሰው የመጣው። የኪነቱና የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ ሆኖ ከሌላ ከፍተኛ፣ ከቀበሌ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ተዛውሮ ሲመጣ ወር እንኳ አልሞላውም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ገና አያውቅም። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቁጣውን በዝምታ የሚገልጽ ሰው ነበር። የቀበሌዎች የኪነት ውድድር ሊደረግ ነው፣ አዲስ ነገር አምጡ አለን። ምን አዲስ ነገር አለ? አንድ ጊታር፣ አንድ የተቀጠቀጠ ድራም፣ አንድ አኮርዲዮን ነው ያለን። ጊታሩን የሚመታው ማቴዎስ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ከሶዶ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። ጊታር የተማረው ጸሎት ቤታቸው ሳይታሸግ በፊት እዚያው ነው። ይህን እኛ እናውቃለን፣ ጓድ ደምሰው አያውቅም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳላስበው ያን ምት በጣቴ ጠረጴዛ ላይ መታሁት። ማቴዎስ ቀና አለ፣ በጊታሩ ተከተለኝ። ድራም መቺው ሞከረ፣ አቃተው፤ ሦስተኛዋን ምት ቶሎ እያመጣ ያበላሻታል።

ጓድ ደምሰው ከወንበሩ ተነሳ። «ይህን ከየት አመጣችሁት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጽጌ፣ አንቺን ነው።»

«ላፍቶ በኩል አንዲት ሴት አለች» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። «ድሮ ለ… ለልማድ ትመታው ነበር። ከበሮዋ መጋዘን ውስጥ ነው።»

ጓድ ደምሰው ወደ መጋዘኑ በኩል አየ። ላቤ በካኪው ኮት ውስጥ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ «ጥሩ» አለ። «ምቱን እንወስዳለን፣ እምነቱን እንጥላለን። ሴትዮዋን አምጧት።»

እትዬ አስካለ በሁለት ጠባቂ ታጅባ መጣች። የተጠራችው ልትታሰር መስሏት ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ለልጇ የላሞቹን ነገር አደራ ብላ ነው የመጣችው። ጓድ ደምሰው ጉዳዩን ሲያስረዳት ግማሹን አልሰማችም፤ ዓይኗ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። ከበሮዋን ሲያወጡላት አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ቤት ይዤው እገባለሁ?» አለች።

«አይሆንም። እዚህ ትለማመጃለሽ፣ ስትጨርሺ መጋዘን ይገባል። የቀበሌው ንብረት ነው።»

ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፈውበት ነበር። ቁጥሩን አየችው። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞራ «ኢንተላ» አለችኝ፤ ሴት ልጅን እንዲያ ነው የምትጠራው። «የምመታ ቀን እናትሽ ትመጣለች?»

«አትመጣም፤ አሟታል፤ ትተኛለች።»

«እንዳትመጣ» አለችኝ።

ከውድድሩ በፊት ለቀበሌው ሕዝብ የምናሳየው ትርዒት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ያኔ ትርዒት ሁሉ በቀን ነው። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲገኝ ታዞ፣ ስም በመዝገብ ይጠራ እንደነበር ነው። ለኛ ቤት እኔ የተቆጠርኩ መስሎኝ ነበር፤ መድረክ ላይ ያለ ሰው ግን አይቆጠርም ተባለ። ጥበቃው ሄዶ እናቴን ከአልጋ አስነሳት። መጋረጃው ሲከፈት ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አመድ የመሰለ ፊቷን አየሁት።

ለእትዬ አስካለ ልነግራት አልቻልኩም። ማቴዎስ ጊታሩን ጀመረ፣ ከበሮው ገባ። እኔ ስለ ምርትና ስለ ተራማጅ ሴት የተጻፈውን ግጥም መዝፈን ጀመርኩ። አዳራሹ ሞቀ። ሰው ሁሉ ምቱን ያውቀዋል፤ ግን ማንም ማወቁን ማሳየት አይፈልግም። ሲያጨበጭቡ ሴቶቹ እንደ ድሮው ትንሽ አዘግይተው ነው የሚያጨበጭቡት። የእናቴ ነጠላ ከትከሻዋ ሸርተት አለ። አንገቷ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አጠገቧ ያለችው ሴት ራቅ አለች። ከዚያ እናቴ ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ ፀጉሯ ተፈታ፣ ሙሉ ሰውነቷ ይወዛወዝ ጀመር። አንድ ሰው «ኧረ ዛር!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ አስካለን አየኋት። እሷም እናቴን አይታታለች። ማቆም ትችል ነበር። እጇን ብታነሳ «ሴትዮዋ አሟት ነው» ተብሎ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ምቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ የተያዘው ሰው እንደዚያው ይቀራል፣ አይመለስም ይባላል፤ እሷ ደግሞ በዚህ ታምናለች። ዓይኗን ጨፈነችና ምቱን አከረረችው። እስር ቤቱን እያየች ነው ያከረረችው። ማቴዎስ ፊቱ ወረቀት መሰለ፤ ጣቶቹን ግን አላቆመም።

ጓድ ደምሰው ከፊት ወንበር ተነሳ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ በፍጥነት አስቤ አላውቅም። ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩና እናቴ ጋ ደርሼ «ተመልከቱ ወገኖቼ!» ብዬ ጮህኩ። «ኋላ ቀርነት ሰውን እንዲህ ነበር የሚጥለው! እንዲህ ነበር እናቶቻችንን የሚያንበረክከው!» ግጥሙን እዚያው እየፈጠርኩ በዜማው ቀጠልኩ። በዙሪያዋ እየዞርኩ፣ ነጠላዋን እያነሳሁ፣ የተለማመድነው ትያትር አስመሰልኩት። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ ደምሰው እንደቆመ ቀረ። ምቱ ቀስ እያለ ወረደ። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ላብ በላብ ሆናለች። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ሰው ሁሉ ያየናል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በይ ተነሺ ዝፈኚ።»

ትርዒቱ እንዳለቀ ጓድ ደምሰው ቢሮ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ጥግ የቀበሌው ጸሐፊ ጋሽ ከበደ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ከበደ የሰፈሩን ሰው ከነቤት ቁጥሩ በቃሉ ያውቃል፤ እናቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ውጭ ድንጋዩ ላይ፣ እናቴ እኔን ስትጠብቅ ተቀምጣለች፤ የሻሿ ጫፍ ይታየኛል።

«ያቺ ሴት ማን ናት?» አለኝ።

«ጎረቤታችን ናት» አልኩ። «ለትያትሩ ፈቃደኛ ሆና ነው። ለጓድ ሳናስፈቅድ በማስገባታችን ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

የጋሽ ከበደ ብዕር ቆመ። ቀና ሳይል ጉሮሮውን ጠረገና መጻፉን ቀጠለ። የሻሹ ጫፍ ከመስኮቱ ሥር ጠፋ።

ጓድ ደምሰው ፈገግ አለ፤ ሲፈግግ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። «ግሩም ትያትር ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከከፍተኛው እንግዶች ይመጣሉ። ያንኑ ታሳያላችሁ። ያንኑ፣ በዚያችው ሴት። ትያትር ከሆነ ይደገማል፤ ትያትር ካልሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።»

ቤት ስገባ እናቴ ሽሮ ሠርታ እየበላች ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በራሷ እጅ ሠርታ ስትበላ ያን ቀን ማየቴ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አላየችኝም።

«ጎረቤት» አለች። «መቼም ጥሩ ጎረቤት ነኝ። ሃያ ዓመት አብሬሽ ኖሬአለሁ።»

«እማዬ፣ ሁላችንንም ያስሩን ነበር…»

«አውቃለሁ። አላሳፈርሽኝም አላልኩም፣ አጥፍተሻልም አላልኩም። ብይ።»

የቅዳሜውን ስነግራት ጉርሻዋን አስቀመጠች። ከእሑዱ የከበደ ሳምንት እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። እትዬ አስካለ ወተት ልትሸጥ የመጣች መስላ፣ ጣሳ ይዛ ማክሰኞ መጣች። ሦስታችን በሩን ገርበብ አድርገን ተማከርን። እትዬ አስካለ «በቀጠሮ አይመጣም» አለች። «አንዴ መጥቶ ከሄደ በሳምንቱ ጥሪው ብባል እኔ አልችልም። ማስመሰል ደግሞ ነውር ነው፤ ይቆጣል።» እናቴ ብዙ አሰበች። «እኔ እወጣለሁ» አለች። «ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ እኔው እወዛወዛለሁ። ልጄን አላሳስርም።»

ማቴዎስ ግን ምቱን ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ከእጁ አልለቀቀውም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሆቴል ውስጥ ባንድ ይዞ ሲጫወት አግኝቼው ነበር፤ ያንኑ ምት ለቤዝ ጊታር ሰጥቶት፣ ኦርጋን አልብሶት፣ ሰው ቢራውን ይዞ ይወዛወዝበታል። ቆይቶ የካሴቶቹ ጊዜ መጣ፤ ከበሮው ቀርቶ በኪቦርድ ይመታ ጀመር። አንድ እሑድ በጎፋ ሳልፍ ከአንድ የጴንጤዎች አዳራሽ የመዝሙር ድምፅ ሰማሁ፤ ሥሩ ያው ነው፣ ያችው የምትዘገየው ሦስተኛ። ማን ከማን ወሰደ ብዬ አልከራከርም። እኔ የማውቀው ያቺን የዘገየች ምት ለመማር ማቴዎስ በዚያ ሳምንት ጣቶቹ እስኪደሙ መሥራቱን ነው። «ምቱ እንደ እሑዱ ካልሆነ ያውቅብናል» ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ከፊት ወንበር ላይ አራት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ መሐል ያለው ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው፤ ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚያየው። በሩ ላይ መሣሪያ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች ቆመዋል። እናቴ ይህን ጊዜ መድረክ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ከበሮው ጀመረ። እኔ ዘፈንኩ። እናቴ ጠበቀች።

አልመጣም። ምቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከረረ፤ እናቴ ድንጋይ ሆናለች። አንገቷን ለማወዛወዝ ሞከረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ተወችው። ሕይወቷን ሙሉ ያከበረችውን ነገር መቀለጃ ማድረግ አቃታት። ዓይኖቿ ወደ እኔ ዞሩ፤ ይቅርታ የሚለምኑ ዓይኖች ነበሩ። ግጥሙ አለቀብኝ። ጓድ ደምሰው ወደ በሩ ዞሮ ጥበቃዎቹን አያቸው። እንግዳው ሰዓቱን ተመለከተ።

እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ በፈቃዴ ነው የጀመርኩት፤ ይህን አልክድም። ማይክሮፎኑን ጣልኩት፣ እናቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ፣ በልጅነቴ ሳይ እንደኖርኩት አንገቴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወረወርኩት። የመጀመሪያዎቹ ውዝዋዜዎች የኔ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን እስከ ዛሬ አላውቃቸውም። ፀጉሬ ፊቴን ይመታኛል፣ ጣውላው ከጉልበቴ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ከበሮው ከውጭ መሆኑ ቀርቶ ከደረቴ ውስጥ ይመጣል። ፍርሃቱ የት እንደሄደ አላውቅም። የእናቴ እጆች ትከሻዬን ያዙኝ፤ ድምፅዋን ሰማሁት። እትዬ አስካለ ትጠይቅ የነበረውን እሷ ጠየቀችኝ።

«ማነህ? ምን ትሻለህ?»

ከአፌ የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር።

«ከበሮዋን መልሱላት» አልኩ። «ወደ ቤቷ ይግባ። ቁጥሩን ፋቁት። ወደ ቤቷ ይግባ።»

ደጋግሜ ነው ያልኩት አሉ፤ እኔ አንዱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ከዚያ ምቱ ወረደ፣ እኔም ወደቅኩ። ስወድቅ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ ያዢኝ!» እናቴ አቀፈችኝ። በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ጓድ ደምሰው ሰማ።

ወፍራሙ እንግዳ በሳቅ ፈነዳ። ሁለት እጁን አንስቶ አጨበጨበ፤ እሱን ያዩ ሁሉ አጨበጨቡ። «ድንቅ ተዋናይት!» አለ። «ጓድ ደምሰው፣ ዛሩ ጠይቋል እኮ! ከበሮዋን ስጧት፣ ይሰጣት! ሕዝቡም ይስማ።» ሰዉ ሳቀ። ጓድ ደምሰውም ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ከበሮው ከመጋዘን ወጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ እትዬ አስካለ በጣት አሻራዋ ፈርማ ልትወስደው ቆማለች። የጭድ ጋሪ አምጥታ ነበር። እናቴ አብራት ቆማለች። ጋሽ ከበደ እንደዚያን ቀን ጠረጴዛው ጥግ አለ። ጓድ ደምሰው ወረቀት አውጥቶ ፊቱ ዘረጋ፤ ለትልቁ ቡድን የሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር ነበር፣ ስሜ ከላይ ሁለተኛ ነው። ሊያስረኝ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ትያትሩ እውነት ነበር ካለ፣ በአለቆቹ ፊት የዛር ጉሪ ያሳየ እሱ ነው የሚሆነው። ግን ዝርዝሩ በእጁ ነው። የሆነ ነገር እንድናገር ዕድል ሊሰጠኝም ይሁን ሊያዋርደኝ፣ አላውቅም፤ ብዕሩን አንስቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከተኝ።

«በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኩሽን ነው የምጠይቅሽ» አለ። «ያቺ ሴት ማን ናት?»

ካኪውን ለብሼው ነበር። ክፍለ ሀገሩን፣ ደመወዙን፣ ከዚያ በፊት ተሳፍሬበት የማላውቀውን አውሮፕላን አሰብኩት። ውጭ እናቴ ከበሮውን በአንድ በኩል ይዛ ጋሪው ላይ ስታነሳ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር የሆነ ነገር እያወሩ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«እናቴ ናት» አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ሳቁ ቆመ።

ጓድ ደምሰው ስሜን በአንድ መስመር ሰረዘው። ኮቱን እዚያው አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ጋሪውን ከኋላ ልገፋላቸው ወጣሁ።